በፍሪጅ ውስጥ ስለሚቀመጥ መብል ለእናቶች የተደረገ ንግግር



ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ለበዓል ከገጠር ተነሥታችሁ ልጆቻችሁን ለመጠየቅ ወደ አዲስ አበባ ምሥራቅ፣ ወደ ቦሌ አራብሳ ወይም ወደ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ትሄዳላችሁ። ቅቤውንና ዶሮውን ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። ከልጃችሁ ማድቤት ፍሪጅ ቆሞ ታገኛላችሁ። «እዚህ ከገባማ አይበላሽም» ትሉ ይሆናል። ይህ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ስሕተት ነው።

መብልን የሚያበላሹትና በሽታ የሚያመጡት በዓይን የማይታዩ ጀርሞች ናቸው። ሙቀት ሲያገኙ ይራባሉ፤ ብርድ ሲያገኛቸው ግን ይዘገያሉ እንጂ አይሞቱም። ስለዚህ ፍሪጁ ከ5 ዲግሪ በታች መቀዝቀዝ አለበት።

አሁን ስለ ዶሮ ወጥ እንነጋገር፤ ዋናው ጥፋት እዚህ ላይ ነውና። ቅዳሜ የተሠራው የፋሲካ ወጥ ሌሊት ተበልቶለት፣ የቀረው በትልቁ ድስት እንዳለ እስከ እሑድ ማታ ይቆያል። የድስቱ መካከል ቶሎ አይበርድም፤ ለጀርም የተመቸ ለብታ ነው። ትኩሱን ድስት እንዳለ ፍሪጅ ብትከቱትም መካከሉ ለብዙ ሰዓት ለብ እንዳለ ነው፤ አጠገቡ ያለውንም ያሞቃል። ይልቅስ ለመፈሰኪያ የሚሆነውን እሳት ላይ እንደ ሞቀ ተዉትና የቀረውን በትንንሽ ዕቃ ከፋፍሉት። እንፋሎቱ ሲወጣለት ክደኑት፤ ከምድጃ ከወረደ 2 ሰዓት ሳይሞላው አስገቡት። እንዲህ የተቀመጠ ወጥ 3 ወይም 4 ቀን ይቆያል። ስትፈልጉ አንዱን ዕቃ ብቻ አውጥታችሁ እስኪንተከተክ አሙቁት። ድስቱን በሙሉ በየቀኑ እያወጡ ማሞቅና መመለስ ደግ አይደለም።

ጥሬ ሥጋ ከታችኛው መደርደሪያ ተከድኖ ይቀመጥ፤ ደሙ በሌላው መብል ላይ እንዳይንጠባጠብ። ቁርጥ የምትወዱ ደግሞ ስሙኝ (እኔም አልጠላም)፤ የፍሪጅ ብርድ የኮሶን ትል አይገድልም። በደንብ የበሰለ ሥጋ ይሻላል።

የልጆች ወተት ፈልቶ፣ በርዶ፣ ተከድኖ ወደ ውስጥ ይግባ እንጂ በበሩ ላይ አይቀመጥ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃልና። እንጀራ ሳይሸፈን ከገባ ይደርቃል፤ በንጹሕ ፌስታል ጠቅልሉት። ሽንኩርት፣ ድንች፣ በርበሬ፣ ሽሮ ፍሪጅ አያሻቸውም፤ ቦታ ማጣበብ ብቻ ነው።

መብራት ሲጠፋስ? በሩን አትክፈቱ። ተዘግቶ ከቆየ እስከ 4 ሰዓት ያህል ብርዱን ይይዛል። ከዚያ ካለፈ ወተቱን፣ ሥጋውንና ወጡን መድፋት ነው። ያን ያህል ቅቤና ዶሮ የገባበትን ወጥ መድፋት ልብ እንደሚያቃጥል አውቃለሁ። ነገር ግን አንዳንዱ ጀርም የሚተወው መርዝ ቢያፈሉትም አይጠፋም፤ ሽታውም ላያስታውቅ ይችላል። ትልቁ ሰው በሆድ ቁርጠት ያልፈው ይሆናል፤ ሕፃን ግን ተቅማጥና ትውከት ከያዘው ውኃው ከሰውነቱ ቶሎ ያልቃል፤ እስከ ሞት ሊያደርሰው ይችላል።

ቤቱን ዘግታችሁ ብትሄዱ መብራቱ መጥፋቱን በምን ታውቃላችሁ? በኩባያ ውኃ ሞልታችሁ በበረዶው ክፍል አስቀምጡ። በረዶ ሲሆን የአንድ ብር ሳንቲም ከላዩ አኑሩ። ስትመለሱ ሳንቲሙ ከላይ ካለ በረዶው አልቀለጠም ማለት ነው። ወደ ታች ሰጥሞ ብታገኙት ግን፣ አሁን በረዶ ቢሆንም፣ በመካከሉ ቀልጦ ነበርና ወጡን ሳትቀምሱ ድፉት።