የታወቀ ስሕተትና ያልተፈተነ እርማት

(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



በሙያችን ስሕተትን ዐውቆ ዝም ማለት እንደ ነውር ይቈጠራል። እርማቱ ተጽፎ በእጅ ሳለ ለተጠቃሚው ሳይደርስ ሲቀር፣ ብዙዎቻችን አዘጋጆቹን በቸልተኝነት እንወቅሳለን። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለዚያ መዘግየት ተገቢነት ነው። ለምሳሌ የማቀርበውም እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተውንና በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጀውን ደቢያን የተባለውን የሊኑክስ ሥርጭት ነው።

እንደሚታወቀው፣ ደቢያን በየሁለት ዓመቱ ገደማ «የተረጋጋ» የሚባል ዕትም ያወጣል። የተረጋጋ ማለት ጠባዩ የማይለዋወጥ ማለት ነው እንጂ እንከን የለሽ ማለት አይደለም። አንድ መሥሪያ ቤት ሥራውን በዚህ ዕትም ላይ የሚዘረጋው፣ ትናንት የሠራለት ነገም እንደሚሠራለት ተማምኖ ነው። ስለዚህ ወደ ዕትሙ የሚገባ እርማት ሁሉ በጠባብ በር ያልፋል። በመጀመሪያ፣ ስሕተቱ ከባድ ሊሆን ይገባዋል። ሁለተኛ፣ እርማቱ አስቀድሞ ገና በመዘጋጀት ላይ ባለው ዕትም ውስጥ መግባት አለበት። ሦስተኛ፣ አዲሱ ፕሮግራም እንዳለ አይገባም፤ ችግሩን የሚፈቱት መሥመሮች ብቻ ተመርጠው ወደ አሮጌው ይወሰዳሉ። አራተኛ፣ የሁለቱ ልዩነት መሥመር በመሥመር ለዕትሙ ኃላፊዎች ቀርቦ ይመረመራል። ከጸደቀ በኋላም በየሁለት ወሩ ገደማ በሚወጣው ንኡስ ዕትም ለሁሉ ይደርሳል። አጣዳፊ የደኅንነት እርማት ብቻ በሌላ ፈጣን መንገድ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ስለ ምን አስፈለገ? አባቶቻችን «ቅንድብ አበጃለሁ ብሎ ዐይን አጠፋ» የሚሉት በእኛም ሙያ ስለሚደርስ ነው።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ደቢያን 12.3ን ለማውጣት ተዘጋጅቶ ነበር። በውስጡ የነበረው 6.1.64 የተባለው ከርነል፣ ኤክስት4 በተሰኘው የፋይል ሥርዐት ላይ የተደረገ አንድ እርማት ይዞ ነበር። እርማቱ በአዲሱ ከርነል ውስጥ ትክክል ነበር። ወደ አሮጌው ሲወሰድ ግን የተመሠረተበት ሌላ ለውጥ አብሮት ባለመሄዱ፣ በፋይል ውስጥ የመጻፊያው ቦታ አቈጣጠር ተዛባና ሰነድን የሚያበላሽ ሆነ። አዘጋጆቹም የ12.3ን የዲስክ ቅጂዎች ማውጣት አቁመው፣ ዲሴምበር 10 ቀን የተስተካከለውን ከርነል የያዘውን 12.4ን አወጡ።

ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር የለውጥ ማነስ ብቻውን ዋስትና አለመሆኑን ነው። ጥቂት መሥመሮች ከተወለዱበት ቤት ተነጥለው ሲሄዱ ዘመድ አልባ ይሆናሉ። በመሆኑም እርማት መፈተን ያለበት በተጻፈበት ሳይሆን በሚገባበት ዕትም ላይ ነው።

ሌላው ምሳሌ ይብስ የከፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የማስጠንቀቂያ መልእክት ለማስቀረት ታስቦ፣ ከደቢያን ኦፕን ኤስኤስኤል ጥቅል ጥቂት መሥመር ተነሣ። በዚህም ሳቢያ የምስጢር ቁልፎች የሚፈጠሩበት የዕጣ ቍጥር በአንድ የፕሮግራም መለያ ቍጥር ላይ ብቻ ተንጠለጠለ፤ የመለያውም ዐይነት ከ32,768 አይበልጥም ነበር። ስሕተቱ በሜይ 2008 ተገልጦ ታረመ። ሆኖም እርማቱ አስቀድሞ የተሠሩትን ደካማ ቁልፎች ሊያድን አልቻለምና፣ ባለቤቶቻቸው ሁሉ አዲስ መሥራት ግድ ሆነባቸው።

በእርግጥ መዘግየትም ዋጋ አለው። ያልታረመውን ስሕተት በየዕለቱ የሚሸከመው ተጠቃሚ ነው፤ ሥራው ሲስተጓጐልበት የእኛ ጥንቃቄ አያጽናናውም። ይሁን እንጂ የታወቀን ጉድለት በመላ ማለፍ ይቻላል፤ ሌሊት ሳይታሰብ የሚገባ አዲስ ጥፋት ግን ጊዜ አይሰጥም።

ስለሆነም ባልደረቦቼ፣ እርማት በእጃችን ሲገባ «ትክክል ነው ወይ?» ብለን ብቻ አናብቃ። በማን ላይ ይደገፋል? ቢሳሳት የሚጐዳው ማን ነው? መመለሻውስ አለ ወይ? ብለን እንጠይቅ። ይህን የሚጠይቅ ባለሙያ ቢዘገይ እንኳ በቸልተኝነት ሊወቀስ አይገባውም ብዬ አምናለሁ።