ጉቶው አልሞተም

መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ገልጣችሁ ኢዮብ 14፥7-9ን አንብቡ። ኢዮብ የተቆረጠ ዛፍ ውኃ ሲሸተው ዳግም እንደሚያቆጠቁጥ ይናገራል። እኛ ሰባኪዎች እዚህ ላይ ስንደርስ ቸኩለን ወደ ትንሣኤ እንሄዳለን። ትንሣኤማ አለ፣ ሃሌ ሉያ! ኢዮብ ግን በዓይኑ ያየውን ዛፍ ነው የተናገረው። ዛሬ እዚያው ዛፍ ሥር ትንሽ እንቆይ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1983 ቶኒ ሪናውዶ የሚባል አውስትራሊያዊ ሚስዮናዊ በኒጀር አገር፣ በማራዲ አካባቢ፣ ችግኝ ጭኖ ይጓዝ ነበር። ከዚያ በፊት የተከለው አብዛኛው ደርቆበት ተስፋ ወደ መቁረጥ ደርሷል። አሸዋው ላይ ለመንዳት የጎማውን አየር ሊቀንስ ቆመና ጸለየ። ዓይኑ አንድ ቁጥቋጦ ላይ አረፈ። ጠጋ ብሎ ቅጠሉን ሲያየው ቁጥቋጦ አይደለም፤ ከተቆረጠ ዛፍ ጉቶ የሚያቆጠቁጥ ዛፍ ነው! ባዶ የመሰለው ሜዳ ከአፈር በታች ሕያው ሥር ሞልቶበታል። ልብ በሉ፣ እግዚአብሔር አዲስ ዛፍ አልፈጠረለትም። ያለውን አሳየው።

ሥራው እንዲህ ነው። ከአንድ ጉቶ ብዙ ቀንበጥ ይወጣል። ጠንካራና ቀጥ ያሉትን ጥቂቶች መርጦ ሌላውን መቁረጥ፣ ከቀሩት ላይ የታችኛውን ቅርንጫፍ መግረዝ፣ ከብት እንዳይበላው መጠበቅ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ማየት። የተገረዘው ማገዶ ይሆናል። ችግኝ ተክሎ ፎቶ መነሣት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ይሄኛው ግን የዓመታት ነው።

ዘዴው ወደ እኛም መጥቷል። በወላይታ፣ ሁምቦ ላይ፣ በወርልድ ቪዥን ድጋፍ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከልቅ ግጦሽና ከመጥረቢያ ተከልሎ አብዛኛው ከጉቶው ተመልሷል። ሰባት የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ይዘውታል። ለከብት የሚሆነው ሣር እየታጨደ ይወጣል፤ ደኑ ለያዘው ካርቦንም ማኅበራቱ ክፍያ አግኝተዋል።

“ፓስተር፣ ጌታ ሊመጣ፣ ምድርም ልትቀልጥ፣ ዛፍ ምን ያደርጋል?” የሚለኝ አይጠፋም። ወንድሜ፣ ጌታ ሊመጣ ነው ብሎ የጸሎት ቤቱን ጣሪያ ማስጠገን የተወ ጉባኤ እስካሁን አላየሁም። ዘዳግም 20፥19-20ን አንብብ። በጦርነት ጊዜ እንኳ የቱ ዛፍ እንደሚቆረጥ፣ የቱ እንደሚተርፍ እግዚአብሔር ለይቶ አዝዟል። ጨርሶ አትንኩ አላለም፣ እንደፈለጋችሁ ጨፍጭፉም አላለም። ለይታችሁ ነው ያለው።

ለመለየት ደግሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ሰሎሞን ስለ ዛፎች የተናገረ ጠቢብ ነበር፤ 1ኛ ነገሥት 4፥33 ላይ ታገኙታላችሁ። ያ ሁሉ ጥበብ እያለው ግን፣ በምዕራፍ 5፥6 ላይ እንጨት መቁረጥ ሲዶናውያን እንደሚበልጡ ለኪራም ከመናገር አላፈረም። ለቤተ መቅደሱ ሥራ የሙያውን ሰው ፈለገ። እኛስ? አንድ ልጃችን የደን ትምህርት ቢመደብ “ወይኔ፣ ዶክተር ሳይሆን ቀረ” ብለን ለቅሶ እንቀመጣለን። ወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1978 ጀምሮ ባለሙያ እያወጣ ነው። እዚያ ለሚማር ልጅ እጅ ጭነን የጸለይንለት መቼ ነው? ለሚስዮናዊ እንደምንጸልየው ማለቴ ነው።

በመጪው እሑድ ከአምልኮ በኋላ የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ለወጣቶቹ ጋብዙላቸው። አገራረዙን በእጃቸው እያስያዘ ያሳያቸው። የወል መሬት ከሆነ ያለ ቀበሌው ፈቃድ መጋዝ አታንሡ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ግን የእናንተው ነው። በየዓመቱ “ጥረጉት” የምትሉት ከአጥሩ ሥር ያለ ቁጥቋጦ አለ አይደል? ቅጠሉን ጠጋ ብላችሁ እዩት።