መጠነኛ የታይሮይድ ጉድለትና የነፍሰ ጡር እናት የደም ስብ
(የማኅበሩ የጤና ኮሚቴ ለአካባቢው ነዋሪዎች ያደረገው ንግግር)



ስለ እንቅርት እንናገራለን ስንል ብዙዎቻችሁ አንገቷ ያበጠ ሴት በዓይነ ኅሊናችሁ እንደምትታያችሁ እናውቃለን። እንቅርት ግን በዓይን የሚታየው ነው። እኛ ዛሬ የምንናገረው አንገት ሳያብጥ፣ ሕመም ሳይሰማ በእርግዝና ጊዜ ስለሚገኘው መጠነኛ የታይሮይድ ጉድለት፣ እንዲሁም ይኸው ጉድለት በእናቲቱ የደም ስብ ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ ነው።

ታይሮይድ ማለት በአንገታችን ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብላ የምትገኝ፣ ቅርጿ ቢራቢሮ የመሰለ ትንሽ ዕጢ ናት። ሥራዋም ከምግብ የምናገኘውን አዮዲን ተጠቅማ ሆርሞን መሥራት ነው። ይህ ሆርሞን ሲያንስ ሰውነት ምግብን የሚያቃጥልበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ ብርድ ይበረታል፤ ሆድ ይደርቃል፤ ቆዳ ይሻክራል፤ ድካም ይጫጫናል። ጉድለቱ መጠነኛ ሲሆን ግን ይኸ ሁሉ ላይታይ ይችላል። በአንጎል ሥር ያለች ሌላ ዕጢ የታይሮይድን መድከም ታውቅና ቲ.ኤስ.ኤች. የተባለውን ቀስቃሽ ሆርሞን አብዝታ ትልካለች። ታይሮይድም በዚያ ግፊት እየሠራች ትቆያለች። ስለዚህ ደም ሲመረመር ቲ.ኤስ.ኤች. ከፍ ብሎ፣ የታይሮይድ ሆርሞን ግን በልኩ ሆኖ ይገኛል። መጠነኛ ጉድለት የምንለው ይኸንን ነው።

ታዲያ ይህ ከስብ ጋር ምን አገናኘው? ትሉ ይሆናል።

በመጀመሪያ፣ በእርግዝና ጊዜ የደም ስብ ከፍ ማለቱ በራሱ በሽታ እንዳልሆነ እንወቅ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የእናቲቱ ሰውነት ስብ ያጠራቅማል፤ ይኸውም ለኋላ ስንቅ መያዝ ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ ያጠራቀመውን እያወጣ ራሱ በስቡ ይጠቀማል፤ ስኳሩን ለጽንሱ ይተውለታል። በዚህም ምክንያት ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የስብ ዓይነት በእርግዝናው መጨረሻ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ኮሌስትሮልም ይጨምራል። ከወሊድ በኋላ ቀስ በቀስ ይወርዳል።

ሁለተኛው ነጥብ ጉበትን የሚመለከት ነው። ጉበት ኮሌስትሮልን ከደም ውስጥ ለቅሞ የሚያስገባባቸው በሮች አሉት። እነዚህን በሮች በብዛት የሚያስከፍተው የታይሮይድ ሆርሞን ነው። ሆርሞኑ ሲያንስ በሮቹ ያንሳሉ፤ ኮሌስትሮሉም በደም ውስጥ ይቀራል። እንግዲህ እርግዝናው ራሱ ስብን ከፍ ባደረገበት ሰዓት ታይሮይድም ከደከመች፣ በአንዱ ላይ ሌላው ይደረባል ማለት ነው። በእርግዝና ጊዜ ከልክ በላይ ከፍ ያለ ትራይግሊሰራይድ ከእርግዝና ስኳር፣ ከደም ግፊትና ያለጊዜ ከመውለድ ጋር ተያይዞ በጥናት ተገኝቷል። እጅግ ሲበዛም፣ ምንም እንኳ ይህ ጥቂት ሴቶችን ብቻ የሚያጋጥም ቢሆን፣ ጣፊያ አጠገብ ያለውን ቆሽትን ያቆስላል። ስለሆነም ነፍሰ ጡር የላይኛው ሆዷን አጥብቆ ካመማትና ካስመለሳት ቤት መቀመጥ የለባትም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የልጁ ነገር ነው። ጽንሱ የራሱን ታይሮይድ በበቂ መጠን ሥራ እስኪያስጀምር፣ ማለት እስከ እርግዝናው አጋማሽ ድረስ፣ በአብዛኛው የሚኖረው በእናቱ ሆርሞን ነው። አንጎሉ የሚገነባውም በዚሁ ጊዜ ነው። ከባድ ጉድለት ሳይታከም ከቀረ የልጁን አእምሮ እንደሚጎዳ አያጠራጥርም። መጠነኛው ጉድለት ግን እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት መጠነኛ ጉድለት ያለባቸውን 677 ነፍሰ ጡሮች ተከታትሎ ነበር። መድኃኒት የወሰዱትና ያልወሰዱት እናቶች ልጆች 5 ዓመት ሲሞላቸው በአእምሮ ምዘና ልዩነት አልታየባቸውም። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ በአማካይ የተጀመረው በ17ኛው ሳምንት ገደማ ነበርና፣ ቀደም ብሎ ቢጀመር ኖሮ ለሚለው ጥያቄ ይህ ጥናት መልስ አይሰጥም። ስለዚህ መጠነኛ ጉድለት ተገኘብሽ የተባለች እኅት መደንገጥ የለባትም፤ ችላ ማለትም የለባትም። መድኃኒት ያስፈልጋታል ወይስ በክትትል ብቻ ይበቃታል የሚለውን ሐኪሟ በቲ.ኤስ.ኤች. መጠንና በሌሎች ምርመራዎች ይወስናል።

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ።

አንደኛ፦ ድካም፣ የሆድ ድርቀትና የክብደት መጨመር እርግዝና ራሱ የሚያመጣቸው ስለሆኑ «እርጉዝ ስለሆንሽ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። እንቅርት ያለባት፣ ታይሮይዷ የታከመ ወይም በቀዶ ሕክምና የወጣላት፣ በቤተሰቧ ይኸው ችግር ያለ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የስኳር ሕመም ያለባት፣ ጽንስ ደጋግሞ የወረደባት ወይም ያለጊዜው የወለደች ሴት፣ ገና እንዳረገዘች ሳትጠየቅ ለጤና ባለሙያው ትናገር።

ሁለተኛ፦ ቀድሞ የታይሮይድ ክኒን የምትወስድ ሴት ማርገዟን እንዳወቀች መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ። «መድኃኒት ለጽንስ አይሆንም» የሚል ጎረቤት አይጠፋም፤ ይኸኛው ግን ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ሆርሞን የሚተካ ነው። እንዲያውም በእርግዝና ጊዜ መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 50 ከመቶ መጨመር ስለሚያስፈልገው ወዲያው ሐኪሟን ትይ። በራሷ ግን አትጨምር፤ አትቀንስም።

ሦስተኛ፦ ክኒኑ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ይዋጣል። ከቁርስና ከቡና በፊት ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል፤ ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳልና። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው የአይረን ክኒንም እንዲሁ ያግደዋል። ካልሲየምም ያው ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ነገር ግን በመካከላቸው 4 ሰዓት ይኑር። የታይሮይዱን በማለዳ፣ አይረኑን ማታ ማድረግ ይቀላል።

አራተኛ፦ ጨው። ነፍሰ ጡር በቀን 250 ማይክሮግራም አዮዲን ያስፈልጋታል፤ ለሌላ አዋቂ 150 ይበቃል። በአገራችን ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ አዮዲን ያለው ጨው በእጅጉ ቀንሶ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች 15 ከመቶ ያህል ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 89 ከመቶ ደርሰዋል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ግን እኮ ጨዉን ገዝተን እቤት ስናበላሸው ዋጋ የለውም። ስለዚህ «አዮዲን ያለው» የሚል የታሸገ ጨው እንግዛ፤ አንጠበው፤ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ ይቀመጥ፤ ወጡም ላይ ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ይጨመር። ጨው እናብዛ ማለታችን ግን አይደለም፤ የጨው ብዛት የደም ግፊት ያመጣል። የምንለውጠው ዓይነቱን ነው።

አምስተኛ፦ በእርግዝና ጊዜ ኮሌስትሮል ከፍ ብሎ ቢገኝ ራስን በረሃብ መቅጣት አያስፈልግም፤ ከጎረቤት የኮሌስትሮል መድኃኒት ተውሶ መዋጥም ፈጽሞ ክልክል ነው። መጀመሪያ ታይሮይድ ይመርመር። ጮማውንና የተጠበሰውን ቀነስ አድርጎ፣ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ አትክልቱን፣ እንቁላሉንና ወተቱን መመገብ ይበጃል። ጎመን እንቅርት ያመጣል የሚባለውም፣ በቂ አዮዲን ለምታገኝ ሴት፣ የበሰለ ጎመን በልኩ ቢበላ የሚያሰጋ አይደለም።

ባሎችንም አንድ ነገር እናሳስባለን። የመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል በአራተኛውና በአምስተኛው ወር ሳይሆን ካረገዘች ወዲያው፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይሁን። ሚስት ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ቤቱንና ልጆቹን መጠበቅ የባል ድርሻ ነው። የወለደችም እናት፣ ክኒን የምትወስድ ከሆነ፣ በ6ኛው ሳምንት ገደማ ተመልሳ ደሟን ትመርመር፤ መጠኑ እንደገና ይስተካከላልና።

ያልሰማ ጎረቤት ካለ ንገሩልን። ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁ፤ በአደባባይ መጠየቅ የከበዳችሁ እኅቶች የኮሚቴውን አባላት ለብቻ አነጋግሩ።