የሒሳብ ተማሪ ርዳታ ሲጠይቅ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



በ11ኛና በ12ኛ ክፍል የሒሳብ መምህር የሚፈተነው በጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሞ በሚያስተምርበት ሰዓት ብቻ አይደለም። ደወሉ ከተደወለ በኋላ ተማሪው ደብተሩን ይዞ ቀርቦ «ይህ ጥያቄ አልወጣልኝም» በሚልበት ጊዜም ጭምር ነው። በዚያች አጭር ጊዜ የሚሰጠው ርዳታ ተማሪውን ወይ ለሚቀጥለው ጥያቄ ያበቃዋል፤ ወይም ለሚቀጥለውም ጥያቄ የሰው እጅ እንዲጠብቅ ያደርገዋል። የዚህ ንግግር ዓላማ ርዳታ መቼ፣ በምን መጠንና በምን መልክ ቢሰጥ ተማሪውን እንደሚያጠነክረው ማመልከት ነው።

የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት የቅርቡን ጊዜ ውጤት ማስታወስ ይበቃል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ውጤቱ የብዙ የትምህርት ዓይነቶች ድምር፣ ምክንያቱም ብዙ ስለሆነ ተጠያቂው ሒሳብ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ሒሳብ በተፈጥሮ ሳይንስም ሆነ በማኅበራዊ ሳይንስ መስክ የሚፈተን በመሆኑ፣ የሒሳብ መምህራን የራሳቸውን ድርሻ መመርመራቸው ተገቢ ነው።

ተማሪው «አልገባኝም» ሲል ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ ችግሩ ከሦስት ቦታ ሊመነጭ ይችላል። መምህሩ አስቀድሞ ለይቶ ካላወቀው መድኃኒቱ ከበሽታው ጋር አይገናኝም።

የመጀመሪያው የቋንቋ ችግር ነው። እንደሚታወቀው የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ሦስት ሳንቲሞች ቢወረወሩ «አት ሊስት» በአንዱ ላይ የአንበሳው ምስል የመታየቱ ዕድል ስንት ነው ተብሎ ተማሪው ይጠየቅ። ሐረጉ «ቢያንስ» ማለት መሆኑን ያላስተዋለ ተማሪ «በአንዱ ብቻ» ብሎ ይረዳና 3/8 ብሎ ይመልሳል። ትክክለኛው መልስ ግን 7/8 ነው፤ ሊሆኑ ከሚችሉት ስምንት ውጤቶች መካከል አንበሳ ጨርሶ የማይታይበት አንዱ ብቻ ነውና። ይህ ተማሪ ስለ ዕድል ስሌት እንደገና ቢነገረው አይጠቀምም። የሚጠቅመው ጥያቄውን በራሱ ቋንቋ መልሶ እንዲናገር ቢደረግ ነው።

ሁለተኛው ከሥር የቀረ የመሠረት ጉድለት ነው። ቀ ወደ 3 ሲጠጋ የ(ቀ²−9)/(ቀ−3) ሊሚት ምን ያህል እንደሆነ የተጠየቀ ተማሪ በ3 ተክቶ ዜሮ በዜሮ ሲያገኝ ግራ ይጋባል። ብዙ ጊዜ የጎደለው የሊሚት ትምህርት ሳይሆን ቀ²−9 የ(ቀ−3) እና የ(ቀ+3) ብዜት መሆኑን ማስታወስ ነው። ይህን ካስታወሰ የቀረው ቀ+3 ስለሆነ ሊሚቱ 6 መሆኑን ራሱ ያየዋል። እንዲህ ያለው ተማሪ ወደ ታችኛው ክፍል ትምህርት ለጥቂት ደቂቃ ቢመለስ ወራት ይተርፉለታል። ችግሩ ግን የ12ኛ ክፍል ተማሪ የ9ኛ ክፍሉን ትምህርት አላውቅም ብሎ ለመናገር ማፈሩ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ተማሪው እንዳይደብቅ የሚያደርገው ግን የመምህሩ አቀባበል ነው። አንድ ጊዜ የተሳቀበት ተማሪ ሁለተኛ አይጠይቅም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ቋንቋውም መሠረቱም ተሟልቶ ሳለ መግቢያው በር ሲጠፋ ነው። ቀ¹⁰⁰ ለቀ²−1 ሲካፈል ቀሪው ምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ እንመልከት። ትጉህ ተማሪ ረጅሙን ማካፈል ይጀምርና ከአራት ከአምስት መስመር በኋላ ይደክማል። መምህሩ እርሳሱን ተቀብሎ መፍትሔውን ቢጽፍለት ተማሪው አመስግኖ ይሄዳል፤ በማግስቱ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲመጣ ግን እንደ ትናንቱ ይቆማል። መምህሩ በዚህ ፈንታ «አካፋዩ ዲግሪው ሁለት ከሆነ ቀሪው ምን ዓይነት መልክ ሊኖረው ይችላል?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ቀሪው ከሀቀ+ለ እንደማይበልጥ ተማሪው ያስባል። ይህ ካልበቃ «ድርሻው እንዳያስቸግር አካፋዩን ዜሮ የሚያደርጉት ቁጥሮች የትኞቹ ናቸው?» የሚል ሁለተኛ ጥያቄ ይጨመራል። ተማሪው በቀ ፈንታ 1 ሲያገባ ሀ+ለ=1፣ −1 ሲያገባ −ሀ+ለ=1 ያገኛል። ስለዚህ ሀ ዜሮ፣ ለ አንድ ነው፤ ቀሪውም 1 ይሆናል። በመጨረሻም «ኃይሉ 100 መሆኑ ቀርቶ 101 ቢሆንስ?» ተብሎ ሲጠየቅ ቀሪው ቀ መሆኑን ያለማንም ርዳታ ይደርስበታል። መምህሩ የሰጠው ሁለት ጥያቄ ነው፤ ተማሪው የወሰደው ግን ዘዴ ነው።

ይህን የማስተማር ጥበብ በሰፊው ካብራሩት ሊቃውንት አንዱ በቡዳፔስት የተወለዱት ፕሮፌሰር ጆርጅ ፖልያ ናቸው። በ1945 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የጥያቄ አፈታትን በአራት ደረጃዎች ከፍለውታል፤ ይኸውም ጥያቄውን መረዳት፣ ዕቅድ ማውጣት፣ ዕቅዱን መፈጸምና የተሠራውን መለስ ብሎ መመርመር ነው። የመምህሩም ርዳታ ከመጠን እንዳያልፍ፣ ከመጠንም እንዳያንስ አሳስበዋል። ከአራቱ ደረጃዎች በክፍል ውስጥ በብዛት የሚዘለለው የመጨረሻው ነው፤ መልሱ ከተገኘ ደብተሩ ይዘጋልና።

ነገሩ ለአገራችን ባህልም ባዕድ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ከሰማ በኋላ ጸጥ ወዳለ ቦታ ወጥቶ ብቻውን ይቆጥራል። የራሱን ይዞ ተመልሶ ለመምህሩ ሲነግር መምህሩ ያርምለታል። እርማቱ የሚመጣው ከድካሙ በኋላ እንጂ ከድካሙ በፊት አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤቱ ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ማስተማሩም የታወቀ ልማድ ነው። ክፍሉ በተማሪ ብዛት በተጨናነቀበት ትምህርት ቤት መምህሩ ለእያንዳንዱ መድረስ ስለማይችል ይኸው ልማድ ለሒሳብም ይበጃል፤ የሚያስረዳው ተማሪም ያወቀውን ያጸናበታል።

በዛሬው ጊዜ ርዳታ ከሁለት አዳዲስ በሮች ይመጣል። አንደኛው በክፍያ የሚገኝ አስጠኚ ነው፤ የወላጅ ኪስ የማይችለው ልጅ ግን ከዚህ በር ውጭ ይቀራል። ሁለተኛው የጥያቄውን ፎቶግራፍ ተቀብሎ መፍትሔውን ደረጃ በደረጃ የሚያወጣው የእጅ ስልክ ነው። መሣሪያውን መከልከል አያዋጣም፤ አጠቃቀሙን ማስተማር ግን ይቻላል። አስቀድሞ ሞክሮ የተሰናከለበትን መስመር ለማወቅ የሚመለከት ተማሪ ይማርበታል፤ ሳይሞክር የሚገለብጥ ግን ፈተና አዳራሽ ሲገባ ባዶ እጁን ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በፕላዝማ ቴሌቪዥን የተጀመረው ትምህርትም ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ማብራሪያው በራሱ ፍጥነት እያለፈ ሲሄድ ተማሪው አቁሞ የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል።

ማኅበራት ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ ሀንጋሪ ጥሩ ምሳሌ ናት። ዳኒዬል አራኝ የተባሉ መምህር በጆር ከተማ በ1894 እ.ኤ.አ. ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሒሳብ መጽሔት መሠረቱ። መጽሔቱ በየጊዜው ጥያቄዎችን ያወጣል፤ ተማሪዎች መፍትሔያቸውን በፖስታ ይልካሉ፤ የተሻሉት ከነላኪዎቻቸው ስም ይታተማሉ። በኋላ ዓለም ያወቃቸው ፖል ኤርዶሽ በልጅነታቸው ከመፍትሔ ላኪዎቹ አንዱ ነበሩ። በሩቅ ከተማ ያለ ብቸኛ ተማሪ ሥራውን የሚመለከትለት ሰው መኖሩን ማወቁ ራሱ ትልቅ ርዳታ ነው።

ስለሆነም ለማኅበሩ አባላት ሦስት ሐሳቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ በየትምህርት ቤቱ ቋሚ የጥያቄ ሰዓት ቢመደብና ሰዓቱም ከትምህርት ቀኑ ሳይወጣ ቢሆን፤ ከትምህርት በኋላ ውኃ መቅዳትና የቤት ሥራ የሚጠብቃት ልጃገረድ፣ መንገድ የሚርቀውም ተማሪ ማምሸት አይችሉምና። ሁለተኛ፣ ርዳታ የሚጠይቅ ተማሪ ትክክል ባይሆንም የሞከረውን ጽፎ እንዲመጣ ቢለመድ። ሦስተኛ፣ ይህ ዓመታዊ መጽሔት ለተማሪዎች ጥያቄ ጥቂት ገጾች ከፍቶ የተሻሉትን መፍትሔዎች ከነላኪዎቻቸው ስም ቢያትም። ከሦስቱ አንዱም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም።

የመምህር ርዳታ መጨረሻው ተማሪው ርዳታ የማይፈልግበት ቀን ነው። ደብተሩን ይዞ የሚመጣው ልጅ አንድ ቀን ሳይመጣ ቢቀር፣ ጥያቄውም በገዛ እጁ ተሠርቶ ቢገኝ፣ መምህሩ ሥራውን ፈጽሟል ማለት ነው።