የልብ በሮች ሲታመሙ



የሰው ልብ ባረፈ ጊዜ እንኳ በየደቂቃው 5 ሊትር ያህል ደም ይገፋል፤ በቀንም 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። ቫልቭ የሚባሉት አራት በሮቹ ደሙን ወደ ፊት አሳልፈው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይከለክላሉ።

እነዚህ በሮች በሁለት መንገድ ይበላሻሉ። አንደኛው ጠብቦ በሚገባ አለመከፈት ነው፤ ያን ጊዜ ደም ከበሩ በስተኋላ ይጠራቀማል። ሁለተኛው ገጥሞ አለመዘጋት ነው፤ ያን ጊዜ ከተገፋው ደም ከፊሉ ስለሚመለስ፥ ልብ ያንኑ ደም ደግሞ ለመግፋት ይገደዳል። ልብ ጉድለቱን ለብዙ ዘመን በጉልበቱ ስለሚሸፍን በሽተኛው ጤነኛ ይመስላል። በመጨረሻ ግን ጡንቻው ይደክማል፤ ትንፋሽ ያጥራል፥ እግርም ያብጣል።

በድሃ አገሮች የዚህ ሕመም ዋነኛ ምንጭ በልጅነት የሚይዝ የጉሮሮ ቁስለት ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለውን ተሕዋስ ለመዋጋት በሰውነት ውስጥ የሚነሣው ኃይል፥ በአንዳንድ ልጆች ላይ ተሳስቶ መገጣጠሚያንና የልብን በሮች ይጎዳል። ይህም በብዛት የሚደርሰው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ፥ ማለት በትምህርት ቤት ዘመን ነው።

የጉዳቱ ፍሬ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ይታያል። ወይዘሮ ኤድና አደን ኢስማኢል በ2002 እ.ኤ.አ. በሐርጌሳ የከፈቱት ሆስፒታል እናቶችን የሚያዋልድና አዋላጆችን የሚያሠለጥን ነው። በሐርጌሳም ሆነ በሌላ ከተማ፥ አዋላጅ ይህን ሕመም ልታውቅ ይገባታል፤ በእርግዝና ጊዜ የደም መጠን እስከ 50 በመቶ ስለሚጨምር፥ በልጅነቷ የልቧ በር የተጎዳባት ሴት ሳታውቀው የኖረችው በሽታ ያን ጊዜ ይገለጥባታልና።

የተበላሸን በር መለወጥ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ከባድ ቀዶ ሕክምና ነው። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማእከል በ2009 እ.ኤ.አ. ቢከፈትም፥ ተራ የሚጠብቁት ሕፃናት ብዙዎች ናቸው። መከላከያው ግን ርካሽ ነው። የጉሮሮው ቁስለት በጊዜው በፔኒሲሊን ሲታከም ልብ ከጉዳት ይጠበቃል፤ አንድ ጊዜ በበሽታው የተያዘ ልጅም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ መርፌውን ሲወጋ እንዳያገረሽበት ይረዳዋል።

ስለዚህ ከሩጫ የሚሸሽ፥ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ ልጅ ሁሉ ሰነፍ ተብሎ ሊወቀስ አይገባውም። ከጉሮሮ ሕመም በኋላ ትኩሳትና ከመገጣጠሚያ ወደ መገጣጠሚያ የሚዘዋወር ቁርጥማት የታየበትን ልጅ መምህሩ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይላከው። የመርፌው ቀን ሲደርስም ከትምህርት ሰዓቱ ፈቃድ ይስጠው፤ ወላጆቹም እንዳያቋርጡ ያስታውሳቸው።