ከሮቢት እስከ ላሊበላ፤ የሶለል ነገር

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከአንድ የሰፈራችን ቤተሰብ የቀረበ ንግግር)



ቤተሰባችን ስላደረገው ጉዞ ልንናገር ነው። እኛ እንደምታውቁን ንግግር አዋቂዎች አይደለንም። ሆኖም ያዩትን ለጎረቤት መንገር ወግ ነውና፣ በዚያ ላይ ከሁላችሁም የምንጠይቀው ነገር ስላለን፣ ጥቂት ደቂቃ ታገሡን።

ጉዞው የተደረገው በነሐሴ ወር 2011 ዓ.ም. ነው። እናታችን ላሊበላን ለመሳለም የቆየ ስለት ነበረባቸው። ላሊበላ ለኛ ሩቅ አገር አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ዓመት እርሻው፣ አንድ ዓመት ገንዘቡ እያሉ ዛሬ ነገ ሲባል ዘመን አለፈ። በመጨረሻ እናታችን «እናንተ እስክትመቻቹ እኔ አፈር ልሆን ነው» ቢሉን አፈርን። እሳቸው፣ እኛ ባልና ሚስቱና ሁለቱ ልጆቻችን፣ አምስት ሆነን ነሐሴ 14 ቀን ጎህ ሲቀድ ተነሣን።

ጊዜው ጾመ ፍልሰታ ስለነበረ ስንቃችንም የጾም ነበር፤ የማሽላ እንጀራ፣ ስልጆ፣ ቆሎና በሶ። እናታችን የመንገድ ምግብ አያምኑም። በሶውን አስፈጭተው ያመጡልን ሙስሊሟ ጎረቤታችን ናቸው፤ ቤታችንንና ፍየሎቻችንንም የጠበቁልን እሳቸው ናቸው። በራያ እንዲህ ተዋዶ መኖር አዲስ ነገር ስላልሆነ አናራዝመውም።

ጎብዬን አልፈን ወልዲያ ደረስን። ከወልዲያ ቻይናዎች በሠሩት መንገድ የድልብን ዳገት ወጥተን ጋሸና ስንደርስ፣ የቆላ ሰዎች ነንና ብርዱ አንቀጠቀጠን። ከጋሸና ወደ ቀኝ ታጥፎ ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሰዓት በኋላ ገባን።

በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያኖቹን ተሳለምን። ቁጥራቸው 11 ነው። ያስጎበኘን ዲያቆን አሠራራቸውን ለልጆቹ ሲያስረዳ፣ «ቤት ስትሠሩ ከመሠረት ትጀምራላችሁ፤ ይኼ ግን ከጣራው ነው የተጀመረው» አላቸው። መጀመሪያ ዙሪያው ተቆፍሮ አለቱ ብቻውን እንዲቆም ይደረጋል፤ ከዚያ ከላይ ወደ ታች እየተጠረበ መስኮቱ፣ በሩ፣ ምሰሶው ይወጣል። ቤተ መድኃኔ ዓለም ርዝመቱ 33 ሜትር ያልፋል። ቤተ ጊዮርጊስን ደግሞ ከላይ ሆኖ ላየው ጣራው መስቀል በመስቀል ላይ ተደራርቦ ይታያል። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለው የፖርቱጋል ቄስ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1520ዎቹ አይቶት፣ የሚያምነኝ አላገኝም ብሎ ሰግቶ ነበር። ዩኔስኮ በ1970 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ላሊበላ ነው።

እናታችን ጫማቸውን አውልቀው፣ በጠባቡ ዋሻ ውስጥ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ ሁሉንም ተሳለሙ። እንደግፍዎት ብንል «ተዉኝ» አሉን። እኛ ግን በስልካችን ድንጋዩን ስናነሣ ዋልን።

በ16 ጾሙ ተፈታ። ያሳደሩን የላስታ ሰዎች በግ አርደው፣ የገብስ ጠላ አቅርበው ጋበዙን። እኛም የተረፈ ስንቃችንን አወጣን። ከሦስት ቀን በኋላ የማሽላ እንጀራ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ! ደርቋል። ሆኖም ባለቤቲቱ ቀምሰው ስለ አበሳሰሉ ሲጠይቁ፣ እናታችን ደጋሊቱ ከሌላው ማሽላ በምን እንደሚለይ፣ ሊጡ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ውሃው እንዴት እንደሚመጠን አንድ በአንድ ነገሯቸው። እኛ ያንን እንጀራ ስንበላ የኖርን ሰዎች ብዙውን የሰማነው ያን ዕለት ነው።

በዚህ መካከል የሰፈሩ ልጃገረዶች ሹሩባ ተሠርተው፣ የአሸንድዬውን ቅጠል በወገባቸው አስረው፣ ከበሮ እየመቱ ከደጅ ደረሱ። እንደሚታወቀው ይህ በዓል በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በኛ በራያ ቆቦ ደግሞ ሶለል ይባላል። እናታችን «ይህማ ሶለል ነው እኮ!» ብለው ብድግ አሉ። በወጣትነታቸው ሲጫወቱት የኖሩትን ያዜሙ ጀመር። ልጃገረዶቹ ከበሯቸውን አቁመው አዳመጡ፤ ቀጥሎም ተቀበሏቸው። ከዚያ አንዷ የ13 ዓመት ልጃችንን እጇን ይዛ ወደ መሐል አስገባቻትና «አንቺም የአገርሽን በይ» አለቻት።

ልጃችን ዝም አለች። ኋላም ቀስ ብላ «አላውቀውም» አለች።

እናታችን አልተቆጧትም። «ማን አስተማራትና?» ብለው ወደኛ ወደ ወላጆቿ ተመለከቱ። ምን እንመልስ? ቤታችን ውስጥ ዕውቀቱ ተቀምጦ ሳለ ልጃችን እንድትማር አንድ ቀን ጊዜ አልሰጠናትም ነበር።

ከዚያስ ተማርን ወይ? አልተማርንም። ስንመለስ ሥራ ያዘን፤ «ለከርሞው ነሐሴ» አልን። እናታችን በ2012 ዓ.ም. በግንቦት ወር ዐረፉ፤ ከርሞው ነሐሴ አልደረሰላቸውም። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ እኛንም ላሊበላንም ያልነካው የለም። ዛሬ መንገዱ እንደዚያን ጊዜ በፈለጉ ቀን የሚሄዱበት አይደለም። በስልካችን ውስጥ የአለቱ ፎቶግራፍ ብዙ አለ፤ የእናታችን ድምፅ ግን የለም። ልጃችን አሁን አድጋ ያንን ዜማ ትጠይቀናለች፤ እኛ የምናስታውሰው መግቢያውን ብቻ ነው።

በጃፓን አገር ኢሴ በሚባል ቦታ ከእንጨት የተሠራ ጥንታዊ መቅደስ አለ። ጃፓኖች ይህን መቅደስ በየ20 ዓመቱ ከጎኑ ባለው ቦታ ላይ እንደ አዲስ ይሠሩታል። በፈረንጆች 2013 የተሠራው ለ62ኛ ጊዜ ነው። በዚህ ምክንያት ሽማግሌው አናጺ ሳይሞት ወጣቱ አብሮት ሠርቶ ሙያውን ይወርሳል። የላሊበላ አለት ፀሐይና ዝናብ ቢጎዳውም ስምንት መቶ ዓመት ያህል ቆሟል። ሶለል ግን እንደ ኢሴው እንጨት ነው፤ በየጊዜው አዲስ እጅ ካልያዘው አይቆይም።

ስለሆነም ለማኅበራችን የምናቀርበው ጥያቄ የሚከተለው ነው።

1ኛ፦ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ 16 ባሉት እሑዶች ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ አዳራሽ ይከፈትልንና እናቶች ለልጃገረዶች ሶለልን ያስተምሩ።

2ኛ፦ ፈቃደኛ የሆኑ እናቶች ድምፃቸው በስልክ ተቀድቶ በማኅበሩ እጅ ይቀመጥ።

3ኛ፦ በበዓሉ ዕለት እያንዳንዱ ቤት አንድ የአገራችንን ምግብ ይዞ ይምጣ፤ የሠራችውም እናት አሠራሩን ለልጆቹ ትንገር።

ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ዜማውን ከነሙሉው የሚያውቁ እናቶች ዛሬም ተቀምጠዋል፤ እናንተም እናንተን እንደምንል ታውቃላችሁ። እኛ እንዳደረግነው «ለከርሞ» አትበሉ።

የመጀመሪያውን እሑድ ቡና የምናፈላው እኛ ነን።