የራይን ወንዝ ጨውና የአትክልተኞቹ ክስ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)






በአቃቂና በአዋሽ ዳር በመስኖ የምታለሙ አባሎቻችን ከላይ የሚለቀቅ ፍሳሽ የሚያደርሰውን ጉዳት ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እኔ የማነሣው ግን ራይን ስለሚባለው የአውሮፓ ወንዝ ነው።

ራይን ከስዊዘርላንድ ተነሥቶ በፈረንሳይና በጀርመን በኩል አልፎ ኔዘርላንድ ላይ ባሕር ይገባል። በፈረንሳይ፣ አልሳስ የነበሩት የፖታሽ ማዕድን ማውጫዎች ለማዳበሪያ የሚሆነውን ለይተው ትርፉን ጨው ወንዙ ውስጥ ይለቁት ነበር። አንዱን ገበሬ የጠቀመ ማዳበሪያ የሌላውን አትክልት አቃጠለ ማለት ነው።

የተፋሰሱ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1950 ኮሚሽን ቢያቋቁሙም ጨው መለቀቁ አልቆመም። በመጨረሻ በሮተርዳም አካባቢ ያሉ አትክልተኞች ጉዳታቸውንና ውሃውን ለመቋቋም ያወጡትን ወጪ ይዘው ማዕድን ማውጫውን ከሰሱ። የሮተርዳም ፍርድ ቤት በ1975 «ሥልጣን የለኝም» አለ። የአውሮፓ ፍርድ ቤት ግን ኅዳር 1976 ላይ ተጎጂው ጉዳቱ በደረሰበት አገርም መክሰስ እንደሚችል ወሰነ። በ1988 የኔዘርላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለአትክልተኞቹ ፈረደ።

አገሮቹም በታኅሣሥ 1976 የጨው ስምምነት ፈረሙ። ከወጪው 34 በመቶውን፣ ማለትም ትልቁን ድርሻ፣ የከፈለችው ተጎጂዋ ኔዘርላንድ ናት! ይህ ፍትሕ ነው ለማለት ይከብደኛል። ያም ሆኖ የአልሳስ ሕዝብ ጨው በመሬታችን ውስጥ አይቀበርም ብሎ በመቃወሙ የፈረንሳይ መንግሥት ስምምነቱን ማጽደቁን አዘገየው፤ ኔዘርላንድ በ1979 አምባሳደሯን እስከ መጥራት ደረሰች። ስምምነቱ በሥራ ላይ የዋለው በ1985 ነው።

ከዚያ በኋላ፣ በኅዳር 1986፣ ባዝል አጠገብ አንድ የኬሚካል መጋዘን ተቃጠለ። ለማጥፊያ የዋለው ውሃ ፀረ ተባይ መርዝ ይዞ ወንዙ ውስጥ ገብቶ ዓሣ ፈጀ። የቼርኖቤል አደጋ ከደረሰ ገና መንፈቅ በመሆኑ ሕዝቡ በድንጋጤ ላይ ነበር። ለዓመታት ሲጓተት የቆየው ሥራ በአንድ ዓመት ውስጥ የድርጊት መርሐ ግብር ሆኖ ጸደቀ።

እኛ እሳት እስኪነሣ መጠበቅ የለብንም። አዋሽ ድንበር ባይሻገርም ክልል ይሻገራል። ስለዚህ እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር ውሃው የተለወጠበትን ቀን፣ የተበላሸውን ሰብልና የወጣውን ወጪ በመዝገብ እንዲይዝ፣ ጉዳዩም በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ በአጀንዳነት እንዲቀርብ እጠይቃለሁ።